ለምለም አገር ላይ አትክልት ለምን ይወደዳል? ከጅማ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከጅማና ከአካባቢዋ የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቹ የቤት እመቤት፣ የጉልት ነጋዴ፣ ተማሪና ገበሬ ቢሆኑም ዞሮ ዞሮ የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ነው፦ ዝናብ በማይጠፋበት አገር አትክልትና ፍራፍሬ ከሰው እጅ ለምን ራቀ? አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ ሰው ነገሩ አይገባውም። አትክልት የሚርቀው በቀን ነው። ከማሳ እስከ ድስት ባለው መንገድ ላይ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው፤ ያንን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ መጨረሻ ላይ ዘንቢል ይዞ የሚቆመው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። አምስት ቤተሰብ አለኝ። ዙሪያችን ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ታዲያ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት እሳት የሚሆነው ለምንድን ነው? ነጋዴው ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም እህታችን። ዋናው ምክንያት ያ የሚያለመልመው ዝናብ ራሱ ነው።

ቲማቲም ውኃ የሚወደው በሥሩ ነው፤ ቅጠሉ ሲረጥብ ይታመማል። የጅማ ክረምት ደመናማና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ቅጠሉ ለሰዓታት እንደረጠበ ከቆየና ሙቀቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ከሆነ ገበሬው «ምች» የሚለው በሽታ ይነሣል። መጀመሪያ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ውኃ የጠጣ የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይታያል፤ ጠዋት ቅጠሉን ገልብጠው ቢያዩት በስተጀርባው ስስ ነጭ ሻጋታ ያገኛሉ። ከዚያ በኋላ ሳምንት ወይም 10 ቀን ቢቆይ ነው፤ ማሳው እሳት የለበለበው ይመስላል። ድንችንም የሚፈጀው ይኸው በሽታ ነው። መድኃኒት አለው፤ ነገር ግን እንደ ማንኮዜብ ያሉት ከቅጠሉ ላይ የሚቀመጡ ስለሆኑ ዝናብ ያጥባቸዋል፤ ገበሬው በየሳምንቱ ገደማ እንደገና መርጨት አለበት። ያን ወጪ የሚችለው ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው ገበሬ በክረምት ቲማቲም አይሞክርም። ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ሲነቀል ደረቅ ፀሐይ ይፈልጋል። አንገቱ ሳይደርቅ ከተከማቸ መበስበስ የሚጀምረው ከአንገቱ ነው።

ስለዚህ በክረምት ጅማ የምትበላው በአብዛኛው በስምጥ ሸለቆ፣ በመቂና በባቱ አካባቢ በመስኖ የሚመረተውን ነው። መቂ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅማ ደግሞ ወደ 350 ኪሎ ሜትር። ቲማቲሙ ከገበሬው ተነሥቶ በደላላ በኩል ወደ መኪና ይወጣል፣ አዲስ አበባ ጅምላ ተራ ይወርዳል፣ እንደገና ይጫናል፣ ጅማ ላይ ጅምላ አከፋፋዩ ጋ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ቸርቻሪውና ወደ ጉልቷ ይደርሳል። አምስት ስድስት ጊዜ ተነሥቶ ወርዷል ማለት ነው። የእንጨቱ ሳጥን ጥልቅ ስለሆነ ታች ያለው ቲማቲም በላዩ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚጓዘው። እያንዳንዱ ሻጭ «ይህን ያህል ይበላሽብኛል» ብሎ አስቀድሞ ዋጋው ላይ ይጨምራል። እርስዎ የሚከፍሉት የበላችሁትን ብቻ ሳይሆን መንገድ ላይ የተጣለውንም ነው። ይህን ስንል ነጋዴው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። ከተማዋ ላይ የሚያራግፉት ሁለት ሦስት መኪኖች ብቻ በሆኑበት ሳምንት ዋጋ ሲወጣ ይፈጥናል፣ ሲወርድ ይዘገያል። ያን የሚሰብረው ተጨማሪ መኪና እንጂ ቁጣ አይደለም።

የመሬቱንም ነገር ማንሣት አለብን። የጅማ ገበሬ ቡናና ጫት ሲያስቀድም ተሳስቶ አይደለም። የደረቀ ቡና ዋጋ እስኪስተካከል በጆንያ ወራት ይቆያል፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ጥሬ ገንዘብ ያመጣል፤ የቀላ ቲማቲም ግን ሦስት አራት ቀን ብቻ ነው የሚታገሠው። ዘሩም ቀላል አይደለም። የተዳቀለ የቲማቲምና የጥቅል ጎመን ዘር በብዛት በዶላር ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ገበሬው በብር የሚቆጥረው ጨምሯል።

እርስዎ ምን ያድርጉ? ሽንኩርቱን ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይበረታ ይግዙ። አንገቱ ጥብቅና ደረቅ የሆነውን፣ ሲነካ ልጣጩ የሚንኮሻኮሸውን ይምረጡ። በቅርጫት ወይም በመረብ ከረጢት አየር በሚያገኝበት ቦታ፣ ከጭሱ ቤት ጣሪያ ሥርም ቢሆን፣ ይስቀሉት። ላስቲክ ውስጥ አይሁን፤ ከድንች ጋርም አይቀላቀል፤ ድንች እርጥበት ያወጣል፣ ሽንኩርቱም ይበቅላል። በዚህ አያያዝ አንድ ወር ተኩል ሁለት ወር ይቆይዎታል። ቲማቲሙን ግን በክረምት ለቀቅ ያድርጉት። ከዴዶ ደጋ የሚወርደው ጥቅል ጎመንና ካሮት፣ የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ዱባ በዝናብ ጊዜ የሚበሉ ናቸው፤ አልጫ ደግሞ ያለ ቲማቲም ያምራል።

ጥያቄ፦ ጅማ መርካቶ ውስጥ ጉልት ተቀምጬ አትክልት ከሸጥኩ 20 ዓመት አለፈኝ። ቲማቲም፣ ካሮት፣ ጎመንና ሙዝ እይዛለሁ። ከሳጥኑ ሩቡ ይበላሽብኛል። ማቀዝቀዣ የለኝም። በሸክላና በአሸዋ ማቀዝቀዝ ይቻላል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ እናታችን፣ እውነት ነው፤ ጅማ ላይ ግን በደረቁ ወራት ብቻ ነው እውነት የሚሆነው። ወደ እሱ እንመጣለን። መጀመሪያ ብልሽቱ የሚያስከፍልዎትን እንይ። ለስሌት ያህል 20 ኪሎ ቲማቲም በ1,000 ብር ገዙ እንበል፤ ኪሎው 50 ብር መጣልዎት። 5 ኪሎ ከተበላሸ 1,000 ብሩን የሚሸከመው 15 ኪሎ ነው፤ ኪሎው 67 ብር ገደማ ሆነ ማለት ነው። ብልሽቱን ወደ 2 ኪሎ ቢያወርዱት 56 ብር ገደማ ይሆናል። በኪሎ 11 ብር ያተረፉት ከማንም ጋር ሳይከራከሩ ነው።

ሳጥኑ ሲደርስ አይገልብጡት። በእጅ እያነሡ ሦስት ቦታ ይለዩ። የተሰነጠቀውና የለሰለሰው ለወጥ በቅናሽ ዛሬውኑ ይሂድ። ጥብቅና ቀይ የሆነው የዛሬና የነገ ነው። ገና ሮዝ ወይም ብርቱካንማ የሆነው ጥላ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ሲቀመጥ ከሁለት ድርብ አይበልጥ፤ የእንጨት ሳጥን ከሆነ ሚስማርና ስንጥር ያለበትን ዳር በደረቀ የኮባ ቅጠል ወይም በካርቶን ይሸፍኑት። አንድ የፈረጠ ቲማቲም ጭማቂው የነካውን ሁሉ በሁለት ቀን ያሻግታል፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ ዞር ብሎ ማየት የግድ ነው። ለማሳመር ብሎ ማጠብ ይቅር። እንብርቱ ላይ፣ ግንዱ የነበረበት ጠባሳ፣ ውኃ ይገባበትና ከዚያው ይበሰብሳል። ጭቃ ካለው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት።

ካሮቱን ቅጠሉን ጣት ግማሽ ያህል አስቀርተው ይቁረጡለት፤ ቅጠሉ ካልተቆረጠ ከሥሩ ውኃ እየሳበ ያጠወልገዋል። ጎመኑን ደግሞ እስሩን እንደታሰረ ግንዱን ብቻ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያቁሙትና ከላይ የረጠበ ንጹሕ ጆንያ ጣል ያድርጉበት። ቅጠሉን በየሰዓቱ በውኃ መርጨት ለዓይን ያምራል፤ ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ግን በሽታ መዝራት ነው።

አሁን ብዙ ሻጭ የማያስተውለው ነገር፦ ሙዙን ከጎመኑና ከካሮቱ አጠገብ አያስቀምጡ። ሙዝ፣ አቮካዶና የቀላ ቲማቲም ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ሽታው የማይታወቅ ጋዝ ይተነፍሳሉ። ጋዙ የጎመኑን ቅጠል ቢጫ ያደርገዋል፤ ካሮቱንም ያመረዋል። «ካሮትሽ መራራ ነው» ብሎ የመለሰልዎት ደንበኛ ካለ ምናልባት ጥፋቱ የካሮቱ ሳይሆን የጎረቤቱ ሙዝ ነው። መደብዎ ላይ በሁለቱ መካከል አንድ ክንድ ተኩል ያህል ቦታ ይተው፤ ሌሊት ላይ ደግሞ በአንድ ሸራ ሥር አብረው አያድሩ።

ወደ ሸክላው እንምጣ። አንድ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ይቀመጣል። በመካከላቸው ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይተውና በአሸዋ ይሞላል። አሸዋው ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣል፤ አትክልቱ በውስጠኛው ማሰሮ ገብቶ በረጠበ ጨርቅ ይከደናል። ውኃው በሸክላው ቀዳዳ ወጥቶ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ናይጄሪያዊው መምህር ሞሐመድ ባህ አባ በ1990ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በሰሜን ናይጄሪያ ያስፋፋው ይህን ነው፤ ያ አገር ግን ደረቅ ነው። የጥር ከሰዓት በኋላ ጅማ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሚሆን ማሰሮው ከውጭው 8 ወይም 9 ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ነሐሴ ላይ ግን አየሩ ራሱ በውኃ የተሞላ ነው፤ የሚተን ነገር የለም፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢቀንስ ነው፣ ውስጡም ይሻግታል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ማሰሮውን ይጠቀሙ፤ ክረምት ሲገባ አጥበው ያድርቁትና በምትኩ አየር የሚያልፍበት የቀርከሃ ወይም የሽቦ መደርደሪያ ይሥሩ። ማሰሮው ጥላ ብቻ ሳይሆን ነፋስም ይፈልጋል። ከግድግዳ ጀርባ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ አስቀምጠው «አልሠራም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ውጭውን የተቀባ ወይም የተወለወለ ማሰሮም አይሆንም፤ ቀዳዳው ተደፍኗልና።

ከሁለት ሦስት ጓደኞችዎ ጋር ከሆናችሁና ቦታ ካገኛችሁ በሕንድ የተፈለሰፈው የጡብ ማቀዝቀዣ አለ። አሠራሩ ያው ነው፤ ርዝመቱ 165፣ ወርዱ 115 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በሁለት ድርብ ጡብ ይሠራል፣ በግድግዳዎቹ መካከል 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል አሸዋ ይገባል፣ ከላይ የሣር ክዳን ይደረግለታል። 100 ኪሎ ያህል ይይዛል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ግን ወደ ውስጥ አይግቡ፤ እርጥበቱ ያበቅላቸዋል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ከግቢ ውጭ ተከራይቼ ራሴ እያበሰልኩ እኖራለሁ። በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ መብላት አለባችሁ ይላሉ። በእኔ አቅም ይቻላል? ድንችስ ይቆጠራል?

መልስ፦ ድንች አይቆጠርም፤ ስኳር ድንች፣ ካሳቫና ቆጮም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት 400 ግራም የሚለው የስታርች ሥሮችን ሳይጨምር ነው። ቁጥሩ በ80 ግራም አምስት ጊዜ ይከፈላል። 80 ግራም ማለት የተላጠ አንድ መካከለኛ ሙዝ፣ አንድ ካሮት፣ ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ የበሰለ ጎመን ነው።

አቅምን በተመለከተ ጥያቄህ ትክክል ነው፤ ራስህን አትውቀስ። በ2016 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የታተመና 18 አገሮችን ያነጻጸረ ጥናት እንዳሳየው ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች፣ ማለትም በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በዚምባብዌ፣ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ፍራፍሬና ሦስት ጊዜ አትክልት ለመግዛት የቤተሰቡ ገቢ ግማሽ ያህሉ ይጠይቃል። በሀብታም አገሮች 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። በእነዚያ ድሃ አገሮች ሰው በአማካይ የሚበላው ከአምስቱ ሁለቱን ያህል ነው። «አትክልት ብሉ» የሚለው ምክር ሁሉ ችግሩ የፈቃድ ይመስል ሲነገር የሚያሳዝነን ለዚህ ነው።

ቢሆንም ባለህ ገንዘብ ብዙ ማግኘት ይቻላል። ዋናው ነገር በኪሎ ዋጋ አለመታለል ነው፤ የምትበላውን ብቻ ዋጋ አውጣለት። ከሙዝ ሲሶው ልጣጭ ነው። ከፓፓያና ከማንጎም ሲሶ ያህሉ ይጣላል፤ ከአናናስ ግማሽ ያህሉ። ከጥቅል ጎመን አምስተኛው፣ ከካሮት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚጣለው። የኪሎውን ዋጋ ለሚበላው ክፍል አካፍለው። ፓፓያ ኪሎው 40 ብር ቢሆንና 65 በመቶው ቢበላ የምትበላው ኪሎ 61 ብር ተኩል ወጣብህ ማለት ነው። ጎመን ላይ ደግሞ ግንዱን አትጣል፤ ጠንካራውን ልጣጭ ላጥና በስሱ ክተፈው፣ ከቅጠሉ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ድስት ይግባ። ጉልት ላይ በመደብ የምትገዛ ከሆነ አንድ ጊዜ መደቡን ይዘህ ሚዛን ያለው ሱቅ ሂድና አስመዝነው። አንዴ ካወቅህ የቱ መደብ ኪሎ እንደሚሞላ ዓይንህ ይለምዳል።

ጅማ ላይ ችላ የተባለው ፍሬ ዘይቱን (ጉዋቫ) ነው። በየግቢውና በየአጥሩ ይወድቃል፤ ሕፃናትና ወፎች ይበሉታል። 100 ግራም ዘይቱን 228 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ አለው፤ ብርቱካን 53 ገደማ ነው። አራት እጥፍ ማለት ነው፣ ዋጋውም ከብርቱካን ጋር አይገናኝም።

ለአንድ ቀን እንዲህ አድርገህ ሞክር፦ ጠዋት አንድ ሙዝ፤ ምሳ ላይ 160 ግራም ጎመን፤ ከሰዓት አንድ ካሮት ወይም ሁለት ዘይቱን፤ እራት ላይ አንድ ቲማቲም ከቃሪያ ጋር ተከትፎ። ጎመኑን ብዙ ውኃ ውስጥ ቀቅለህ ውኃውን አትድፋ፤ ቫይታሚን ሲውና ፎሌቱ አብሮ ይደፋል። በጥቂት ውኃ ክዳን ገጥመህ አብስለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምርበት፤ ያለ ቅባት ጎመንና ካሮት ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ብዙም ወደ ሰውነት አይገባም። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ ጭመቅ። ቡናውን ደግሞ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አቆየው፤ ቡናና ሻይ ከእህልና ከቅጠል የሚገኘውን ብረት ይይዙታል። ቡና ይቅር አንልም፤ ሰዓቱ ብቻ ይለወጥ።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ነው የምኖረው፤ ዕድሜዬ ስልሳን አልፏል። ቡናው መካከል ስምንት የአቮካዶ ዛፍ አለኝ። ነጋዴ መጥቶ ዛፉን አራግፎ በርካሽ ይወስዳል። እኔ ራሴ ገበያ ሳወጣው ደግሞ ውስጡ ጠቁሮ ይመለሳል። ምንድን ነው ጥፋቱ?

መልስ፦ አባታችን፣ ጥፋቱ «አራግፎ» ያሉት ላይ ነው። አቮካዶ ዛፍ ላይ አይለሰልስም፤ ከወረደ በኋላ ነው የሚበስለው። ስለዚህ ሲወድቅ ጠንካራ ነው፣ ቁስሉም ከላይ አይታይም። ከሳምንት በኋላ ሲለሰልስ ግን መሬት የመታው ጎን ውስጡ ጠቁሮ ይገኛል። ገዢውም ለሚቀጥለው ዓመት ጭምር ያስታውስዎታል።

መድረሱን ለማወቅ ከዛፉ ከተለያየ ጎን ሁለት ሦስት ትልልቅ ፍሬ ያውርዱና ቤት ያስቀምጡ። በሳምንት ገደማ ሳይጨማደድ እኩል ከለሰለሰ ዛፉ ደርሷል። ከተጨማደደና እንደ ላስቲክ ከሆነ ገና ነው፤ ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። አንዱን ሰንጥቀው በውስጡ ያለውን ዘርም ይዩት፤ ዘሩን የሸፈነው ልባስ ነጭና ወፍራም ከሆነ አልደረሰም፤ ቡናማና ደረቅ ወረቀት ከመሰለ ደርሷል።

ለማውረድ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ጫፉ ላይ የሽቦ ቀለበት ታስሮለት፣ ከቀለበቱ ሥር የጆንያ ከረጢት ይሰፋለታል፤ ቀለበቱ ላይ አንድ ስለታም ነገር ይታሰራል። ፍሬው ተቆርጦ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል እንጂ አይወድቅም። ግንዱን ግማሽ ጣት ያህል ያስቀሩ፤ ከተነቀለ ከእንብርቱ ይበሰብሳል። ጤዛ ወይም ዝናብ ባለበት አያውርዱ፤ ረፋዱ ላይ ሲደርቅ ይሁን። ኩንታል ጆንያ ውስጥ አይክተቱት፤ በፕላስቲክ ሳጥን ወይም በቅርጫት፣ የኮባ ቅጠል ተነጥፎ ይሂድ። በሞተር ወይም በባጃጅ ከሆነ ሣር ይጎዝጎዝለት።

ስለ ዋጋው፦ ስምንት ዛፍ ለነጋዴ መኪና ትንሽ ነው፤ ለዚህ ነው እሱ ዋጋ ቆራጭ የሚሆነው። ከጎረቤት አራት አምስት ቤት ጋር በአንድ ቀን ካወረዳችሁና በኪሎ ካስመዘናችሁ መኪናው የሚመጣው ለእናንተ ነው። «በዛፍ» ወይም «በጆንያ» አይሽጡ፤ ጆንያ እንደ አሞላሉ ይለያያል። ሁሉም በአንድ ቀን አይውረድ ደግሞ። ትልልቁን አስቀድመው ካወረዱ ትንሹ ዛፉ ላይ ሆኖ ይጨምራል፤ ዛፉ ያለ ምንም ወጪ ጎተራ ይሆንልዎታል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጎመንና ሰላጣ በወንዝ ውኃ ይለማል ይባላል። በበረኪና ማጠብ ጉዳት አለው?

መልስ፦ ከጅማ ገበያዎች በተወሰዱ የአትክልትና ፍራፍሬ ናሙናዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከግማሽ በላዩ ላይ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን አግኝቷል፤ ስለዚህ ሥጋትዎ ትክክል ነው። ቅጠል በቅጠል ነጥለው በሚፈስ ወይም ሁለት ጊዜ በተቀየረ ንጹሕ ውኃ እያሹ ይጠቡ። ጥሬ ለሚበላው፣ ለሰላጣና ለቃሪያ፣ 5 በመቶ የሆነ፣ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና 4 የሻይ ማንኪያ በ10 ሊትር ውኃ በጥብጠው 5 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ። መጀመሪያ ጭቃው መውጣት አለበት፤ ጭቃ በረኪናውን ያዳክመዋል። በረኪና ባክቴሪያን ይገድላል፤ የወስፋት እንቁላልን ግን አይገድልም። ያንን የሚያወጣው ማሸትና ማጠብ፣ የሚገድለው ደግሞ እሳት ነው። ምንጩን ለማያውቁት ጎመን ስለዚህ ድስቱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጅሬን ሰፈር ትንሽ ግቢ አለችኝ፤ ሁለት በሦስት ሜትር ብትሆን ነው። የካቲት ላይ ረመዳንና ሁዳዴ ሲገናኙ ጎመን እንኳ ይወደዳል። ጓሮ ማልማት ጀምሬ የቡና ገለፈት ብጨምርበት ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች የካቲት ላይ በቀናት ልዩነት ጀመሩ። አንዱ ለኢፍጣር ሾርባውን፣ ሌላው ለጾም ወጡን ከአንድ ገበያ ይፈልጋል፤ ወሩ ደግሞ የጅማ በጋ ማብቂያ ነው፣ ዝናብ ያላየ ቅጠል የጠወለገበት። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ ግጥጥሙ ይለያያል፤ የካቲት ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው።

ጥሬ የቡና ገለፈት ካርቦኑ ብዙ፣ ናይትሮጅኑ ትንሽ ነው። አፈር ውስጥ ሲገባ የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ከጎመኑ ቀድመው ይወስዱታል፤ ቢጫ የሆነው ለዚህ ነው። ገለፈቱን ሦስት እጅ፣ የከብት እበት አንድ እጅ አድርገው ጥቂት አሮጌ አፈር በትነው ይከምሩ፤ ቁመቱ እስከ ወገብ ይሁን። በእጅ ሲጨመቅ ጠብታ የሚወጣው ያህል ይርጠብ። ኮባ ቅጠል ይልበስ። በየሁለት ሳምንቱ ይገላበጥ። ሦስት አራት ወር ይፈጃል። ሲነካ ትኩስ ካልሆነ፣ ጥቁር ከሆነና የዝናብ አፈር ከሸተተ ደርሷል። ገና ሲገላበጥ የሚሞቅ ከሆነ አይቸኩሉ።

በ2 በ3 ሜትር ላይ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት 20 ጎመን በደንብ ይቆማል። በአንድ ጉድጓድ ሁለት እፍኝ የበሰለ ብስባሽ ይበቃል። ከታችኛው ቅጠል ጀምረው በሳምንት ከአንዱ ተክል ሁለት ሦስት ቅጠል ይቁረጡ፤ አናቱ ላይ አምስት ስድስት ቅጠል ሳይነካ ይቅር። በግምት በሳምንት ከ1 ኪሎ በላይ ያገኛሉ። በጋ ላይ ቅጠሉ ጀርባ ክሽክሽ የሚባሉ ግራጫ ዱቄት የሚመስሉ ጥቃቅን ነፍሳት ይመጣሉ። መጀመሪያ የታየበትን ቅጠል ቆርጠው ያቃጥሉ፤ የቀረውን በ5 ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ማታ ማታ በየአራት ቀኑ ጀርባውን ይርጩ። ፊት ለፊቱን ብቻ መርጨት ከንቱ ድካም ነው፤ ነፍሳቱ ያሉት ከሥር ነው።

ለየካቲት የሚደርስ ጎመን ከፈለጉ ዘሩን ኅዳር አጋማሽ ላይ መደብ ላይ ይዝሩ፤ ችግኙ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ፣ ማታ ላይ አዛውረው ያጠጡት። ሥሩን በገለባ ወይም በደረቀ የኮባ ቅጠል ይሸፍኑት፤ ያኔ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ማጠጣት ይበቃዋል። የመጀመሪያው ቅጠል የካቲት መግቢያ ላይ ለቢላ ይደርሳል።